የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፤ ስለ አመራረጡና ስለ አቀማመጡ

በዘመናችን የከተማ ቤት ወደ ሳሎን የሚገባ እንግዳ ሰላምታውን ሰጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው ቴሌቪዥኑ በቆመበት ግድግዳ ላይ ነው፤ ሶፋዎቹም ፊታቸውን ወደዚያው አዙረው የተደረደሩ በመሆናቸው፣ የክፍሉ ሥርዓት በሙሉ ማዕከሉን ከዚያ ላይ እንዳደረገ ለማስተዋል ብዙ መመራመር አያሻም። ይሁን እንጂ ባለቤቶቹ ስለ ቴሌቪዥኑ ስፋትና ስለ ሥዕሉ ጥራት ብዙ ቀን ሲመካከሩ፣ ዋጋ ሲያጠያይቁና ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ቆይተው፣ እርሱን የሚሸከመውን ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ሰዓት፣ በተረፈው ገንዘብ፣ መልኩን ብቻ አይተው ያመጡታል። ይህ ጽሑፍ የቴሌቪዥን ማስቀመጫን፣ በገበያ ቲቪ ስታንድ የሚባለውን ዕቃ፣ ከነጠባዩና ከነአሠራሩ ለአንባቢ ለማስተዋወቅ የተሰናዳ ሲሆን፣ መሠረተ አሳቡም ይህ ነው፤ ማስቀመጫ መመረጥ የሚገባው በፊቱ ለሚቀመጡት ሰዎች ዓይንና አንገት፣ በአጠገቡም ለሚመላለሱት ሕፃናት ደኅንነት የሚስማማ ሆኖ ነው፤ ጌጥነቱ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት የሚነበቡበትን አትሮንስ ልብ ብሎ ያየ ሰው የዚህን ነገር ምሥጢር አስቀድሞ ያውቀዋል። አትሮንስ ለብራናው ክብር የተሠራ ንዋየ ቅድሳት ቢሆንም፣ ቁመቱና ዘንበል ማለቱ የተወሰነው በአንባቢው ዓይን ልክ ነው፤ እግሩም ተራርቆ የቆመው ከባዱ መጽሐፍ በተገለጠ ቁጥር እንዳይናወጥ ነው። ስለዚህ የጥንት ጠራቢዎቻችን የሚሸከመውን ዕቃ፣ የሚያየውን ሰውና የቆመበትን ምድር ሦስቱንም በአንድነት አስበው ይሠሩ ነበር ማለት ነው፤ ዛሬም ለሳሎናችን ማስቀመጫ ስንመርጥ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አናገኝም።

ታሪኩን ባጭሩ ለመናገር ያህል፣ እስኮትላንዳዊው ጆን ሎጊ ቤርድ በ1926 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ወደ ሩቅ ማስተላለፍ እንደሚቻል ለሊቃውንት ካሳየ በኋላ፣ ቢቢሲ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1936 እ.ኤ.አ. መደበኛ ስርጭቱን ሲጀምር፣ በዚያን ዘመን ከተሸጡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ በእንጨት ሣጥን የታነጹ፣ አንዳንዶቹም መዝጊያ ያላቸው የቤት ዕቃዎች ስለ ነበሩ የተለየ ማስቀመጫ አያስፈልጋቸውም ነበር። በአገራችንም ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቁርና ነጭ ሥዕል ሥራውን ሲጀምር፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል፣ ወደ ቀለም ሥዕል ሲሸጋገር፣ በየቤቱ የገባው መሣሪያ ከበስተኋላው የተቀሰረ ወፍራም የመስተዋት ቱቦ የያዘ፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ ባለ 21 ኢንቹ ብቻ እንኳ 20 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ከባድ ዕቃ ነበር። ለእርሱም የሚስማማው ቡፌው ነበር፤ ይኸውም ብርጭቆውና ስኒው በመስተዋት ውስጥ የሚደረደርበት፣ መካከሉ ላይ ለቴሌቪዥኑ አራት ማዕዘን ክፍት ቦታ የተተወለት፣ በላዩም የእናቶች የእጅ ሥራ የሆነው ዳንቴል የሚነጠፍበት ትልቅ የእንጨት ዕቃ ነው።

ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን በመጣ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ተለወጠ። አዲሱ መሣሪያ ቀላልና ቀጭን ሆነ፤ በስፋቱ ግን እጅግ ስለ ተዘረጋ፣ ለአሮጌው ልክ ከተተወው የቡፌ መስኮት ውስጥ ሊገባ አልቻለም። ምክንያቱም የቀድሞው ሥዕል ስፋት ከቁመቱ ጋር ሲተያይ 4 ለ 3 ሲሆን፣ የዛሬው 16 ለ 9 ነው። እዚህ ላይ ገዢው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ሻጩ 43 ወይም 55 ኢንች እያለ የሚጠራው ቁጥር የስክሪኑን ወርድ የሚያመለክት ሳይሆን፣ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ የተለካውን ርዝመት ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ ባለ 32 ኢንቹ ስክሪን ወርዱ 71 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 43ቱ 95፣ ባለ 55ቱ 122፣ ባለ 65ቱ ደግሞ 144 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የዙሪያው ጠርዝም በዚህ ላይ ጥቂት ይጨምራል። ማስቀመጫው ከዚህ ወርድ በግራና በቀኝ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ተርፎ መታየት አለበት፤ ጠርዙ ከማስቀመጫው ወጥቶ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ቴሌቪዥን አላፊ አግዳሚው በትከሻው የሚገፋው፣ ሕፃንም በእጁ የሚይዘው ይሆናልና።

ከወርዱም ይልቅ ብዙዎች የሚዘነጉት የእግሩን ነገር ነው። ከቀድሞዎቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ በመካከላቸው አንድ ሰፊ እግር ሲኖራቸው፣ ከዛሬዎቹ አብዛኞቹ ግን በሁለቱ ጫፎቻቸው አጠገብ የተተከሉ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሏቸው። ስለዚህ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ገዝቶ በቆየ የ1 ሜትር ጠረጴዛ ላይ ሊያቆመው የሚያስብ ሰው፣ ጠረጴዛው ጠንካራ ሆኖ ሳለ እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ አጥተው ሊቸገር ይችላል። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ርቀት፣ እግሩም ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚይዘውን ጥልቀት ከመግዛት በፊት በሜትር መለካት ይገባል፤ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማስቀመጫ ለአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች እግር ይበቃል፤ ከኋላም ለገመድ ቦታ ይተርፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁመት ጥያቄ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው። በሶፋ ላይ ተደላድሎ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ዓይኑ ከወለሉ 1 ሜትር ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። የሰው አንገት በተፈጥሮው ወደ ታች በመጠኑ ዘንበል ብሎ ማየት ሲቀለው፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ ብዙ ሰዓት መቆየት ግን ያደክመዋል፤ ስለዚህ የተቀመጠው ሰው ዓይን ከስክሪኑ መካከል ወይም ከመካከሉ ጥቂት ከፍ ካለው ክፍል ጋር ትይዩ ቢሆን መልካም ነው። ባለ 55 ኢንቹን ምሳሌ ብናደርግ፣ የሥዕሉ ቁመት 68 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዓይን ከሥዕሉ ግርጌ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲያርፍ ብንፈልግና ለቴሌቪዥኑ እግር 6 ሴንቲ ሜትር ብንተው፣ ዓይኑም ከወለሉ 105 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ የማስቀመጫው ቁመት 54 ሴንቲ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን። በጠቅላላው ለሶፋ ቤት ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያለው ቁመት የተመጠነ ነው፤ ስክሪኑ አነስ ሲል ማስቀመጫው ከፍ፣ ስክሪኑ ሲተልቅ ማስቀመጫው ዝቅ ይላል።

በእኛ ቤት ግን ሁሉም ሰው በሶፋ ላይ አይቀመጥም። ቡና የምታፈላው እመቤት ከረከቦቱ አጠገብ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ልጆችም ከምንጣፉ ላይ ይንጋለላሉ፤ የእነርሱ ዓይን ከሶፋው ተቀማጭ ዓይን በብዙ ያነሰ ነው። ቤተሰቡ ምሽቱን የሚያሳልፈው በዚህ ዓይነት ከሆነ ከተነገረው ልክ ወደ ዝቅተኛው ማዘንበል ከሚዛናዊነት የሚቆጠር ነው፤ የቤት ዕቃ ለጌታውም ለሕፃኑም በትክክል ማገልገል አለበትና። ከሰሉ የሚነድበት ምድጃና የሚፈላው ጀበና ግን ከማስቀመጫው ራቅ ብለው መቀመጣቸው የግድ ነው፤ ትኩስ ጀበና በተቀመጠበት አጠገብ የሚሮጥ ሕፃን ገመድ እንዳይጠልፈው፣ የእጣኑም ጢስ ዘወትር ከስክሪኑ ላይ እንዳይጠራቀም ነው።

ርቀትም ከቁመት የማይለይ ጉዳይ ነው። በተለምዶ ተመልካቹ ከስክሪኑ የሰያፍ ርዝመት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ርቆ ቢቀመጥ ሥዕሉ ሳያጨናንቀው በደንብ ያየዋል፤ ይህም ለባለ 43 ኢንቹ ከ1.6 እስከ 2.2 ሜትር፣ ለባለ 55ቱ ከ2.1 እስከ 2.8 ሜትር ማለት ነው። አሁን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 3 ሜትር የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን እናስብ፤ በሶፋው ላይ ደገፍ ያለው ሰው ዓይን ከኋላው ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይወጣል፤ በማስቀመጫው ላይ ያለውም ስክሪን ከራሱ ግድግዳ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ በመካከላቸው የሚቀረው 2.15 ሜትር ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ክፍል ባለ 43 ኢንቹ እጅግ ይስማማል፤ ባለ 55ቱ ከወሰኑ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ዓይንን ያደክማል። መስኮቱም ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቢሆን የቀኑ ብርሃን በመስተዋቱ ላይ ተንጸባርቆ ሥዕሉን ስለሚሸፍነው፣ ማስቀመጫውን ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ማቆም ይመረጣል።

ስለሚሠራበት ነገር ስንናገር በአገራችን ክብሩን የሚይዘው ዋንዛ ነው። ዋንዛ ቀልቶ ወደ ቡናማ የሚያደላ መልክ ያለው፣ ለመጥረቢያና ለመሮ የሚታዘዝ፣ ሲደርቅ ብዙም የማይጣመም፣ ምስጥንም በመጠኑ የሚቋቋም ስለ ሆነ፣ አያቶቻችን ለበርና ለሣጥን፣ ለገበታና ለከበሮ ሲመርጡት ኖረዋል። ነገር ግን ዛፉ ከተፈጥሮ ደኖቻችን እየተመናመነ በመሄዱ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር አንድ ላይ ቆጥሮ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ የዋንዛ ማስቀመጫ የሚያሠራ ሰው እንጨቱ ከገበሬ ማሳ ወይም ከተተከለ ዛፍ የመጣ መሆኑን መጠየቅ የኅሊና ግዴታው ነው፤ ውድ ቢሆንም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ንብረት ስለሚሆን ወጪው አይባክንም። ከዋንዛ ለሚያንሰው አቅም ግራቪሊያና የተተከለ ጥድ በአናጺ እጅ በደንብ ደርቀው ከተሠሩ መልካም አገልግሎት ይሰጣሉ።

ዛሬ በሱቅ ተደርድሮ የምናየው አብዛኛው ማስቀመጫ ግን ከቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሚባለው ሰሌዳ የተሠራ ነው። ቺፕውድ የእንጨት ፍርፋሪ፣ ኤምዲኤፍ ደግሞ የደቀቀ የእንጨት ጭረት፣ በሙጫ ተለውሶ በብርቱ ጭነት የተጋገረ ሰሌዳ ሲሆን፣ ላዩ በላሚኔት ወይም በቀለም ተሸፍኖ ሲታይ እጅግ ያማረ ነው። ጠላቱ ግን ውሃ ነው፤ ቤቷን የምታጸዳ ሴት ዘወትር በእርጥብ ጨርቅ ወለሉን ስትወለውል ውሃው ከሰሌዳው ግርጌ ከገባ፣ ፍርፋሪው ያብጣል፤ አንድ ጊዜ ያበጠውም ወደ ቀድሞው ልኩ አይመለስም። ብሎኑም አንድ ጊዜ ከላላ በዚያው ቀዳዳ ደግሞ አይያዝም። ስለዚህ ይህን ዓይነቱን የሚገዛ ሰው ከወለሉ በብረት ወይም በፕላስቲክ እግር ከፍ ያለውን ቢመርጥ፣ በየቤቱ ሲዛወርም ደጋግሞ ባይፈታው ዕድሜውን ያረዝመዋል።

የሰሌዳው ርዝመትና ውፍረትም የራሱ ሕግ አለው። አንድ መደርደሪያ በሁለት ጫፉ ብቻ ተደግፎ ሸክም ሲጫንበት፣ ሸክሙ ሳይለወጥ ርዝመቱ በእጥፍ ቢጨምር ጉብጠቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ቢጨምር ግን ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ለ70 ሴንቲ ሜትር መደርደሪያ ጽኑ ሆኖ ሲታይ፣ ያለ ማዕከላዊ ድጋፍ ለ150 ሴንቲ ሜትር ቢዘረጋ ከጥቂት ዓመት በኋላ መካከሉ ጎብጦ መሳቢያዎቹ አልከፈት ይላሉ። ረጅም ማስቀመጫ የሚፈልግ ሰው መካከሉ ላይ ቋሚ ሰሌዳ ወይም አምስተኛ እግር ያለው መሆኑን ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት።

ከቴሌቪዥኑ ጋር ማስቀመጫው የሚሸከማቸው ሌሎች ባልንጀሮችም አሉ፤ የዲሹ ሪሲቨር፣ የድምፅ ማጉያው፣ መብራት ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ደግሞ ስታቢላይዘሩ። በአገራችን የሚመጣው መብራት 220 ቮልት ነው፤ ሪሲቨርና ስታቢላይዘርም ሲሠሩ ይሞቃሉ። እነርሱን በመዝጊያ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አፍኖ ማስቀመጥ ዕድሜያቸውን ማሳጠር ነው፤ ስለዚህ የኋላው ሰሌዳ ተከፍቶ የተተወ ወይም ለገመድና ለአየር ማለፊያ ሰፊ ቀዳዳ ያለው፣ በዕቃዎቹም ዙሪያ ጥቂት ጣቶች የሚያስገባ ክፍት ቦታ የሚተርፈው ማስቀመጫ ይመረጣል። የገመዶቹ ማከፋፈያም ወለል ላይ ተጥሎ ውሃ እንዳይነካው ከማስቀመጫው ጀርባ በብሎን ቢያዝ መልካም ነው።

ወደ ከበደው ነገር ስንደርስ፣ ያለ ማመንታት መናገር የሚገባ የደኅንነት ጉዳይ አለ። አንድ የ2 ዓመት ሕፃን በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ነገር ለመንካት ሲፈልግ የሚያደርገውን እናስተውል፤ በመጀመሪያ የታችኛውን መሳቢያ ይስባል፤ ከዚያም በተከፈተው መሳቢያ ላይ አንድ እግሩን ያሳርፋል፤ ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶም የቴሌቪዥኑን የታች ጠርዝ ይይዛል። በዚያች ቅጽበት የሕፃኑ ክብደት ከማስቀመጫው እግር ወደ ፊት ስለሚወጣ ቀላል የሆነው ዕቃ ወደ ልጁ ያዘነብላል፤ ጥልቀት የሌለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንም ከላይ ይከተለዋል። ይህ አደጋ በየአገሩ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በአሜሪካ የሸማቾች ዕቃዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ቴሌቪዥንና ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር እንዲታሰሩ ሕዝቡን የሚያስተምር ዘመቻ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያካሂዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቴሌቪዥኑ ከጀርባው ባሉት የብሎን ቀዳዳዎች በኩል በጠንካራ ማሰሪያ ከግድግዳው ወይም ከማስቀመጫው ጋር ይታሰራል፤ ማስቀመጫውም በብረት ማዕዘን ከግድግዳ ጋር ይያያዛል፤ ሪሞቱና መጫወቻውም ሕፃኑን ወደ ላይ እንዳይጠሩት ከቴሌቪዥኑ አናት ላይ አይቀመጡም።

ግድግዳውን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በብሎኬት የተሠራ ግድግዳ ሲበሳ ትራፓኖው በልስኑና በብሎኬቱ ቆዳ ውስጥ እየጮኸ በዝግታ ይገባል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደ ሄደ ግን በድንገት ወደ ባዶው ክፍል ይሰምጣል። በዚህ ቦታ ለድፍን ኮንክሪት የተሠራው ተራ ፊሸር በደንብ ስለማይነክስ፣ ከባዶው ውስጥ ገብቶ ከጀርባ የሚከፈተውን ዓይነት መጠቀም ይገባል። በጭቃ ቤት ደግሞ ብሎኑ ከጭቃው ላይ ቢገባ ዋጋ የለውም፤ በጣት እያንኳኩ ቋሚውን እንጨት ፈልጎ በእርሱ ላይ ማሰር ነው። ቴሌቪዥኑን ያለ ማስቀመጫ በብረት ተሸካሚ ከግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚያስብ ሰውም ይህንኑ ሕግ በበለጠ ጥንቃቄ ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ተሸካሚውም በቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት ቀዳዳዎች ርቀት ጋር፣ ለምሳሌ 200 በ200 ሚሊ ሜትር ከሆነው፣ ልኩ መግጠም አለበት። በኪራይ ቤት የሚኖርና ግድግዳ መብሳት የተከለከለ ሰው ግን ሰፊና ከባድ መሠረት ያለው ዝቅተኛ ማስቀመጫ ቢመርጥና ቴሌቪዥኑን ከማስቀመጫው ጋር ቢያስረው ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ወይም ወደ አናጺ ቤት የሚሄድ ሰው አራት ልኮችን በወረቀት ይዞ ይሂድ፤ የግድግዳውን ወርድ፣ የቴሌቪዥኑን ወርድ፣ የእግሮቹን ርቀትና ጥልቀት፣ እንዲሁም ከሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ ያለውን ከፍታ። በዚያም ደርሶ ማስቀመጫውን ከፊቱ ብቻ አይቶ አይርካ፤ መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ስቦ ዕቃው ወደ ፊት ማዘንበል አለማዘንበሉን ይመልከት፤ መዳፉን ከላይ በማዕዘኑ ላይ አሳርፎ ወደ ጎን ይግፋው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ መጋጠሚያው ያልጸና ነውና ይለፈው። ከጀርባ ዞሮም የኋላው ሰሌዳ በብሎን የተያዘ መሆኑን፣ የተቆረጠው የሰሌዳ ጠርዝ ሁሉ መሸፈኑን ይመርምር፤ ያልተሸፈነ ጠርዝ ውሃ የሚጠጣበት በር ነውና። ከአናጺ ጋር የሚዋዋል ሰው ደግሞ የእንጨቱን ዓይነትና ድርቀት፣ የሰሌዳውን ውፍረት፣ የማጠፊያውንና የቫርኒሹን ጥራት አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያሰፍር በኋላ ከክርክር ይድናል።

ቴሌቪዥን በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ ዛሬ አዲስ የተባለው ነገ ይሰበራል ወይም ያረጃል። ማስቀመጫው ግን በልክ ከተመረጠና በጽናት ከተሠራ ሁለትና ሦስት ቴሌቪዥኖችን ያሳልፋል። ስለዚህ በጀቱ ሲደለደል ለማስቀመጫው ተገቢው ድርሻ ከመጀመሪያው ይመደብለት፤ ገንዘቡ ሁሉን የማይበቃ ሆኖ ቢገኝም ስክሪኑን በአንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ ማስቀመጫውን ከማሳነስና ማሰሪያውን ከመተው ይሻላል፤ ትንሽ ሥዕል የሚያጎድለው ጥቂት ደስታ ሲሆን፣ ያልጸና ማስቀመጫ የሚያመጣው ጉዳት ግን የማይካስ ሊሆን ይችላልና።